አህዪትና ወርቃማው ፔዳል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ያለ ባንድ ሠርግ አይደምቅም ባሉበት ዘመን፣ በሾላ ሜዳ አካባቢ ስሙ የታወቀ አንድ ባንድ ነበር። አባላቱ ሦስት ናቸው። የባንዱ መሪ ከርከሮ ከበሮ ይመታል። ጅብ ጊታር ይጫወታል። ያንን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ደግሞ አህዪት ነበረች።

አህዪት ዜማ ታውቃለች፤ ምትም አትስትም። ችግሯ ሰኮናዋ ነበር። ስትፈራ ክሩን ነካ ብቻ ታደርገውና ድምፁ ከከበሮው ሥር ተውጦ ይቀራል። ስትደሰት ደግሞ ሳይታወቃት ትመታውና «ዱም!» ይላል፤ ግልገሎች ያለቅሳሉ፣ ወፎች ከዛፉ ላይ ብር ብለው ይነሣሉ።

በአንድ ድግስ ላይ ጌታ አንበሳ ጠጃቸውን በብርሌ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማ ሲያዳምጡ አህዪት በጣም ደስ አላት።

«ዱም!»

ብርሌው ከጌታ አንበሳ መዳፍ አምልጦ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ጨፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጌታ አንበሳ ግን አላገሱም፤ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«የፊታችን ቅዳሜ የልጄ ሠርግ ነው። የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ ካስደነገጣችሁኝ ግን ከሙዚቀኛነት ወደ እራትነት ትዛወራላችሁ።»

ሦስቱም ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ። መንገድ ላይ አህዪት ቆመች።

«አያ ከርከሮ፣ በእኔ ምክንያት ሁላችሁም ልትበሉ ነው። ልውጣና ሌላ ፈልጉ» አለች።

«በአራት ቀን ሌላ ከየት ይመጣል?» አለ ከርከሮ። «ይልቅስ ስሚኝ። ኮምፕሬሰር የሚባል ፔዳል አለ። በጊታሩና በስፒከሩ መካከል በገመድ ይገባል፤ በእግር ጫን ሲሉት ይሠራል። ጮክ ያለውን ድምፅ ዝቅ፣ ቀስ ያለውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ላንቺ የተሠራ ነው የሚመስለው።»

የአህዪት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ግን ጮክ ማለቴን በምን ያውቃል?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«ጆሮ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ እንዴት ይሰማል?»

«ኧረ በፈጠረሽ አህዪት! ገበያ ሂጂና ሻጩን ጠይቂው!»

ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። «እኔም እገዛለሁ» አለ። «አንቺ አንድ ከገዛሽ እኔ ከሁሉ ትልቁን ነው የምገዛው።»

«አንተ ምን ጎደለህና አያ ጅቦ?» አለችው አህዪት።

«እንጃ። ግን ትልቁን እፈልጋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ወደ ገበያ ወረዱ። አህዪት ያላት አንድ ጆንያ ገብስ ብቻ ስለነበር እሱን ተሸከመች። ጅብ ደግሞ ለክፉ ቀን ብሎ ዋሻ ውስጥ የደበቀውን ቋንጣ ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ቀበሮ ነበር። ከፊቱ ክርና ገመድ፣ ያረጁ ሬዲዮኖች፣ ጊታርና ቤዝ ጊታር፣ አንድ ከበሮና በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ደርድሯል። ከሁሉ ፊት ግን በቀይ ጨርቅ ላይ አንድ ትልቅ ወርቃማ ፔዳል ተቀምጦ ያብለጨልጫል። ስድስት ማዞሪያ አለው፤ ሦስት ቦታ መብራት ይበራበታል።

«ኑ ኑ! የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ» አለ ቀበሮ ገና ከሩቅ ሲያያቸው። ወዲያው አንድ ጊታር አነሣና መጀመሪያ ያለ ፔዳሉ ተጫወተ። ከዚያ ወርቃማውን በእግሩ ጫን አደረገው። ድምፁ ሜዳውን ሞላው።

«ልዩነቱን ሰማችሁ?»

«ወይኔ! ይሄ ነው!» አለ ጅብ ቋንጣውን መፍታት እየጀመረ።

እውነቱን ለመናገር አህዪትም ደስ ብሏት ነበር። ጭራዋ ተወዛወዘ። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«አያ ቀበሮ፣ ኮምፕሬሰር ማለት ድምፅን የሚያቀራርብ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት። ይሄኛው ጮኸ እንጂ አቀራረበ?»

«ጆሮሽን አታምኚም እንዴ? አምሮ አልተሰማሽም?»

«አምሯል። ለምን እንዳማረ ግን አልገባኝም። እስቲ እኔ ልሞክረው።»

ጆንያዋን ከበሮው ላይ አሳርፋ ቤዝ ጊታሩን አነሣች። ጆንያው ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ ጥቂት የገብስ ፍሬዎች በከበሮው ቆዳ ላይ ፈሰሱ። እሷ ልብ ሳትል ፔዳሉን አጥፍታ ክሩን ቀስ ብላ ነካችው። ስፒከሩ ከከበሮው አጠገብ ስለነበር ፍሬዎቹ ትንሽ ተንቀጠቀጡ። ጠንከር አድርጋ መታችው፤ ፍሬዎቹ አንድ ጣት ያህል ዘለሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አህዪት። ጆንያዋን ከከበሮው ላይ አውርዳ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አየች። እንደገና ቀስ፣ እንደገና ጠንከር። ፍሬዎቹም እንደገና ትንሽ ተንቀጠቀጡ፣ እንደገና ዘለሉ። «አያ ቀበሮ! ድምፅ በዓይን ይታያል!»

«ኋላ ትጫወቺበታለሽ፤ ይልቅ ግዢ» አለ ቀበሮ።

እሷ ግን ወርቃማውን ፔዳል አብርታ ሞከረች። ቀስ ብላ ስትነካ ፍሬዎቹ አንድ ጣት ያህል ዘለሉ። ጠንከር አድርጋ ስትመታ ከከበሮው ተነሥተው የቀበሮን አፍንጫ መቱት።

«ልዩነታቸው እንዳለ ነው!» አለች አህዪት። «ቀስ ያለውንም ጠንካራውንም በእኩል ከፍ አደረጋቸው እንጂ አላቀራረባቸውም።»

ከስድስቱ ማዞሪያዎች አንዱ እስከ ጥግ ዞሮ ነበር። እሱን መለስ መለስ አድርጋ የፔዳሉ ድምፅ ያለ ፔዳል ከነበረው ጋር እኩል ሲሆን አቆመችው። አሁን ብታበራው ብታጠፋው ምንም አልተለወጠም። የቀሩትን አምስት ማዞሪያዎች አንድ በአንድ ብታዞር ከጌጥነት በቀር ሥራ የላቸውም።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያው... ገበያተኛው ሲጋፋ ማዞሪያው ዞሮ ይሆናል።»

«አያ ጅቦ፣ አየህ? ትልቅነቱን ነው እንጂ—»

ጅብ ግን ቋንጣውን አስረክቦ፣ ፔዳሉን በደረቱ አቅፎ ርቆ ሄዷል። «ሌላ ሳይወስድብኝ!» ሲል ተሰማ።

አህዪት ወደ ቀበሮ ዞረች። «ሌላ የለህም?»

ቀበሮ አንድ ቀይ፣ ትንሽ ፔዳል አወጣ። አህዪት ሞከረችው። ቀስ ስትልም ስትመታም ፍሬዎቹ እኩል ዘለሉ። ደስ ብሏት ልትገዛው ስትል ደግማ አዳመጠች። ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኗል።

«ወፍራሙ ድምፄ የት ሄደ?»

«እሱማ ለጊታር የተሠራ ነው» አለ ቀበሮ አሁንም ሳይወድ። «የቤዝን የታችኛውን ድምፅ ይበላዋል።»

«ይሄንን ሳልጠይቅ ትነግረኝ ነበር?»

«አልነግርሽም» አለ ቀበሮ፤ ራሱም ሳቀ። ከዚያ ከዕቃ መያዣው ሥር ቆፍሮ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያለው ግራጫ ፔዳል አወጣ። «ማን ይገዛዋል ብዬ ነው የደበቅሁት። መልክ የለውም።»

አህዪት ገመዱን ሰካች። ቀስ አለች፣ ጠንከር አለች። ፍሬዎቹ በሁለቱም ጊዜ የዘለሉት ከፍታ ተቀራራቢ ነበር፤ ወፍራሙም ድምፅ በቦታው አለ። አንደኛው ማዞሪያ የማቀራረብ ጉልበቱን የሚጨምር ነውና እስከ ጥግ ብታዞረው ደግሞ ሁሉም ድምፅ አንድ ዓይነት፣ እንደ ረጠበ ጨርቅ የሞተ ሆነ፤ ከኋላውም «ሽሽሽ» የሚል ጫጫታ መጣ። ግማሽ ላይ መለሰችው። እዚያ ላይ ደስ ሲላት ደስታዋ ይሰማል፤ ማንንም ግን አያስደነግጥም።

«አሁን የመጨረሻ ጥያቄ» አለች። «ጮክ ማለቴን በምን ያውቃል?»

ቀበሮ በረጅሙ ተነፈሰ። «ውስጡ እንደ በር ጠባቂ ያለ ነገር አለው። ድምፅ በብዛት ሲገባ በሩን ጠበብ ያደርጋል፤ ሲያንስ ይከፍተዋል። ይህን ያህል ዘመን ስሸጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

አህዪት ረካች። ገብሱን አስረክባ ግራጫውን ፔዳል ይዛ ሄደች። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስትለማመድበት ዋለች።

የቅዳሜው ሠርግ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ሙሽራዋ በአበባ አጊጣ ተቀምጣለች። ጌታ አንበሳ አዲስ ብርሌ ይዘዋል። ከርከሮ ብርሌውን በዓይኑ ጥግ እያየ ከበሮውን አነሣ።

የመጀመሪያው ዘፈን በደህና አለፈ። ጅብ ግን ማዞሪያው አህዪት በመለሰችበት ቦታ ስለቀረ ወርቃማው ፔዳሉ አልጮኸለትም፤ ሠርገኛው ሁሉ ይጨፍራል እንጂ ወደ እሱ የሚያይ የለም። «ለዚህ ነው ቋንጣዬን ያስረከብኩት?» ብሎ ስድስቱንም ማዞሪያዎች እስከ ጥግ አዞራቸው።

ጊታሩን ገና ሳይነካው «ፊይይይይ!» የሚል ፉጨት ከስፒከሩ ወጣ። ሙሽራዋ ጆሮዋን ያዘች። ፍየሎች ተራገጡ። ጅብ ለማጥፋት ብሎ ፔዳሉን ሲረግጠው መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ እንጂ ፉጨቱ ባሰ። ጌታ አንበሳ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንተ!» ብለው አገሱ።

ጅብ ጊታሩን ጥሎ፣ ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ፔዳሉን እየጎተተ ወደ ጫካ እግሬ አውጪኝ አለ። ገመዱ ሲነቀል ፉጨቱ ጠፋ።

ከርከሮ ደንግጦ የከበሮ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ አህዪት ዓይኗን ጨፈነችና መጫወቷን ቀጠለች። ከፍርሃቷ የተነሣ አንዳንዱን ክር ነካ ብቻ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። አንዳንዱን በድንጋጤ ትመታዋለች፤ ግን አልጮኸም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ወፍራሙ ድምፅ ከመሬቱ ውስጥ የሚወጣ ይመስል በእኩል እርምጃ ሄደ። ከርከሮ ዱላውን አንሥቶ ገባ። መጀመሪያ ዝሆን አንድ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ፍየሎቹ ተመለሱ፤ ከዚያ ሙሽራዋ ተነሣች። ጌታ አንበሳ ለመቆጣት እንደቆሙ ትከሻቸው መወዛወዝ ጀመረ።

ጭፈራው ሲያበቃ ጌታ አንበሳ ወደ ባንዱ መጡ።

«ከእግሬ ሥር ይገባ የነበረው ድምፅ የማን ነው?»

አህዪት አንገቷን ደፋች። «የእኔ ነው ጌታዬ። አስደነገጥኩዎት?»

«ኧረ መኖርሽንም አላስተዋልኩ» አሉ ጌታ አንበሳ። «እግሬ ነው ያስተዋለው። ለልጄ ልጅ ክርስትናም እናንተው ትመጣላችሁ።»

በሳምንቱ ጅብ የተጣመመውን ወርቃማ ፔዳል ይዞ ቀበሮ ፊት ቆመ።

«አታለልከኝ! ቋንጣዬን መልስ!»

«እኔ መቼ አታለልኩህ?» አለ ቀበሮ አንድ የቋንጣ ቁራጭ እያኘከ። «ጩኸት ወደድክ፤ ጩኸት ሸጥኩልህ። ታዲያ አልጮኸልህም?»

ጅብ ቋንጣው እያለቀ መሆኑን አየ።  ፔዳሉን እንዳቀፈ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ ስንገዛ የሚጮኸውንና የሚያብለጨልጨውን ከማንሣታችን በፊት የጎደለን ምን እንደሆነ ለይተን ማወቅና ያንን ይሞላልን እንደሆነ ጠይቀን፣ ሞክረን፣ ራሳችን ማረጋገጥ እንዳለብን ነው።