በሩ «ደህና ነኝ» ያለ ዕለት

አንድ ሰው ነበረ። ነበረ አልኩ እንጂ ገና አልተወለደም። አንቺ ልጄ፣ «ዕቃው ሁሉ የሚሰማና የሚናገርበት ዘመን ሲመጣ ጎረቤት ምን ይሠራልናል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ፣ ሰውየውንም ከዚያው ከሚመጣው ዘመን አመጣሁልሽ።

ይህ ሰው ባለጠጋ ነበረ፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖር ነበር። መብራቱ እንቅልፉን ያውቃል፣ ወለሉ እርምጃውን ያውቃል፣ በሩ የመጣውን ሰው በድምፁ ይለያል። ሰውየው ግን ገመናው እንዳይወጣ የሚፈራ ነበርና ቤቱን፣ «እዚህ ውስጥ ያየኸውን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!» ብሎ አዝዞታል። ቤቱም ታዛዥ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ጎመን የምታለማ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። በየማለዳው በሩ ላይ ትቆምና፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ? ጉልበትዎስ? ብርዱስ እንዴት አደረገዎ?» ትላለች። ሰላምታዋ ማለቂያ የለውም! ሰውየው ሰለቸውና በሩን፣ «በእኔ ድምፅ ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን› በልልኝ» አለው። በሩ ይመልስላታል፤ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ «ኤዲያ! ይህች ሴት አሁንም መጣች?» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ማለዳ ከአልጋው ሲወርድ ግማሽ ጎኑ ከዳውና ወለሉ ላይ ተዘረረ። ልጣራ ቢል ምላሱ ተሳሰረ። ወለሉ መውደቁን አወቀ፣ መብራቱም አወቀ፤ ግን ትንፍሽ አትበሉ ተብለዋል። ወዲያው ከውጭ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» የሚል ድምፅ ሰማ። ደስታውን አትጠይቂኝ! ቀጥሎ ግን የራሱን ድምፅ ሰማ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። እንባው ወረደ፤ በገዛ አፉ መሞቱ ነው።

ይርገዱ ግን አልሄደችም። የሚመልስላት በሩ መሆኑን ድሮም ታውቅ ነበር፤ ሞኝ አይደለችም። በየቀኑ የምትጠብቀው ያንን ማጉረምረም ነበር። እሱን ስትሰማ «ተመስገን፣ አለ» ብላ ወደ ጎመኗ ትሄዳለች። ያን ቀን ጆሮዋን ብትጥል፣ ዝም። «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ መጥረቢያውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሩ እየተፈለጠ እንኳ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይል ነበር።

ሰውየው ዳነ፤ ምላሱም ውሎ አድሮ ተፈታ። በሩን አስጠገነና፣ «ከእንግዲህ ይርገዱ ስትመጣ ጥራኝ እንጂ አትመልስልኝ። ከወደቅሁ ደግሞ ከሷ የምደብቀው ገመና የለኝም፤ ቀድመህ ለሷ ንገር» አለው። በማግስቱ በከዘራ እየተደገፈ ወጣና፣ «ጉልበቴማ ጨረሰኝ፣ ይርገዱ! እግዜር ይስጥሽ። አንቺስ እንዴት አደርሽ?» አላት። እስከዚያ ቀን ጠይቋት አያውቅም ነበርና፣ ጎመኗን እንደታቀፈች አለቀሰች።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው እኛ ነን፤ በሩ እናንተ ልጆች የምትሠሩልን ዕቃ ነው። ዕቃው ክፉ አይደለም፣ በል ያሉትን ይላል። ሥሩት፣ እሰየው! እኔም ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የሚያነብልኝ እሱ ነውና አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን «ደህና ነኝ» ስትዪ የማታምንሽ አንዲት ጎረቤት ካለችሽ፣ እሷን ማንም ሠርቶ አይሰጥሽም። የሰጠሽን አመስግኚ፤ ነገ ደግሞ ቀድመሻት በሯ ላይ ቁሚ።