የይመኑ መቆሚያ

ከጥድአምባ በስተምሥራቅ ቅርፊቷ ባንድ ጎኗ የተላጠ አሮጌ ወይራ የበቀለችበትን ጉብታ ያገሩ ሰው «የይመኑ መቆሚያ» ይለዋል። በዚያ አገር አዳኝ ቃታ ከመሳቡ በፊት ያየውን ምልክት በሹክሹክታ ለጓደኛው ይቆጥራል፤ ሳይቆጥር የተኮሰ ግዳይ ቢጥልም አይዘፈንለትም።

እንደሚነገረው ይህን ያመጣችው አንጓች ናት። ባሏ ወልደየስ፣ ባላምባራስ ይመኑ ከጣለው የሚበልጥ አጋዘን ጥሎ ያገሩ ዘፈን ወደ እሱ ዞሮ ነበር። በዓመቱ፣ አጋዘኖች በሚሳረሩበት ወራት፣ ወልደየስ ወይራዋ ሥር አድፍጦ፣ ወንዱ አጋዘን ባላንጣ የመጣበት መስሎት እንዲወጣ ግንዱን በደረቅ ቀንድ ሲፍቅ፣ ከማዶ በተተኮሰ ጥይት ወደቀ። ተኳሹ ባላምባራስ ነበር። ቀንድ አይቼ ተኮስኩ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ስሕተት ነው ብለው አንጓችን ታረቂ አሏት።

እሷ ጠጅ ጣለች። በአርባው ተዝካር ባላምባራስን ራሷ ጠርታ ከሽማግሌዎቹ መካከል በክብር አስቀመጠችው፤ ጠጁንም በእጇ ቀዳችለት።

«ጌታዬ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ አላውቅም። የደረሰ ወንድ አጋዘን በምን ይለያል?»

ሞቅ ብሎት ነበርና ጥያቄው ደስ አሰኘው። «በዚህ ወራት አንገቱ ያብጣል፣ ጠጉሩ ይጠቁራል፣ አፍንጫውን አንስቶ ሴቶቹን ይከተላል። ቀንድ ብቻ አይቶ የሚተኩስ ጀማሪ ነው። እኔ አንገቱን ሳላይ ተኩሼ አላውቅም፣ አንጓች።»

«ያን ቀን ታዲያ የማንን አንገት አዩ?»

የሚያኝክ ሁሉ ማኘኩን ተወ ይባላል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ፍርዱን ለእሷ ለቀቁ። እሷም ደም አልፈልግም አለች፤ በየዓመቱ በዚያው ወራት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባላምባራስ ያንኑ ደረቅ ቀንድ ይዞ ወይራዋን ይፋቅ፣ የሟቹ ወንድም ሽብሩም ጠመንጃውን ይዞ ማዶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ለደመኞቹ ይሰጥ።

«አትፍራ» አለችው፣ አንቱታውን ትታ። «ሽብሩ ምልክት ያውቃል። አንገትህ ካላበጠ አይተኩስም።»

ሽብሩ አንድም ቀን አልተኮሰም። እየቆየ ጠመንጃውን ያቀባብል ነበር እንጂ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ በሦስተኛው ዓመት ባላምባራስ ቀንዱን እንዳቀፈ፣ አንዲት ቁስል ሳትኖርበት፣ ግንዱን ተደግፎ ሞቶ ተገኘ። አንጓች ጉብታው ላይ ወጥታ አንገቱን ዳሰሰች፤ «አላበጠም» ብላ ወረደች ይባላል።

የተፋቀው የወይራዋ ጎን እስከ ዛሬ ቅርፊት አላበቀለም። ያገሩ አዳኞችም ምልክት ሲቆጥሩ አንገቱን መጨረሻ ላይ ይጠሩታል፤ እሱ ሳይጠራ ቃታ አይሳብም።