አጋፋሪውና ያልበሉት እንግዶች

አንድ አጋፋሪ ነበረ፤ ጓንጉል ይባላል። በንጉሡ አዳራሽ እንግዳ የሚቀበለው፣ የሚያስቀምጠውና የሚያበላው እሱ ነው። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ከእሱ ገበታ ተርቦ የተነሳ ሰው የለም ይባላል። እንግዳው «ጠገብኩ» ቢል ጓንጉል አይሰማም። «በሞቴ!» ይላል፤ «አፈር ስሆን!» ይላል፤ ጉርሻውን ጠቅልሎ ከእንግዳው ከንፈር ፊት ይጠብቃል። አፉ ካልተከፈተ እጁ አይመለስም።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ካለው አገር መልእክተኛ መጣ። ሁለቱ አገሮች በዚያ ወንዝ ውሃ ሰበብ ሰባት ዓመት ሲዋጉ ኖረው ገና መታረቃቸው ነበር። መልእክተኛው ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። በብርጭቆ ማሰሮ ሁለት ትንንሽ ፍጥረቶች ይዟል። መልካቸው የእንሽላሊት ነው፣ ኑሯቸው ግን ውሃ ውስጥ። ጀርባቸው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሆዳቸው እንደ ፍም የቀላ።

«ጌታዬ በኩሬያቸው የሚያሳድጓቸው ናቸው» አለ መልእክተኛው። «የእርቁ ምልክት ይሁኑ ብለዋል። ከአንድ ወር በኋላ ደኅንነታቸውን ለማየት እመለሳለሁ።»

ጓንጉል እንደ ልማዱ እንግዳውን ገበታ ላይ አስቀመጠው። መልእክተኛው አንድ ጎረሰ። «አንድ ጉርሻማ ያጣላል!» ተባለና ሁለተኛውን ጎረሰ። ሦስተኛው ሲመጣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፤ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተነሳ። መሶቡ እንደ ሞላ ቀረ። ጓንጉል በሆዱ ተቀየመ።

ማታውኑ ንጉሡ ጠሩት። «እነዚህም እንግዶች ናቸው፤ ላንተ ሰጥቻለሁ» አሉት። «ከሞቱ፣ ማዶ ያሉት ‹እርቁን ገደሉት› ማለታቸው አይቀርም። ያን ቀን አንተ የአጋፋሪነት ዘንግህን ታስረክባለህ፣ እኔም ጋሻዬን ከተሰቀለበት አወርዳለሁ።»

«ያላበላሁት ፍጥረት የለም» አለ ጓንጉል፤ ከልቡ ነበር።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይሙቀው ብሎ ማሰሮውን ምድጃው አጠገብ አኖረ። ከጥሬ ሥጋ ምርጡን ከትፎ፣ በቅቤ ለውሶ፣ በጣቱ ጫፍ አቀረበላቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ማር አመጣ፤ ሸሹ። አዝማሪ አስጠርቶ አስዘፈነላቸው፤ ይባስ ብለው አንዱ ከሌላው ሥር ገባ። መኳንንቱም አሽከሩም ማሰሮውን ከቦ «ብሉ እንጂ!» ይላል።

«ረቡዕ እኮ ነው፤ ጾመው ይሆናል» አለ አንዱ።

በማግስቱ ያው ሰውዬ ብቅ አለ። «አጋፋሪ፣ ዛሬስ ሐሙስ ነው። ምን ልትል ነው?»

በስድስተኛው ቀን ውሃው በቅቤና በሥጋ ደፈረሰ። የፍጥረቶቹ ጎን ገብቷል። የማሰሮውን ግድግዳ በትንንሽ እጆቻቸው እየቧጠጡ ለመውጣት ይታገላሉ። ጓንጉልንም ራሱን እህል አስጠላው።

ጠዋት ውሃ ቀጂዋ እማማ ትርንጎ እንስራቸውን አዝለው ሲመጡ አንገቱን ደፍቶ አገኙት።

«እማማ፣ ያላቀረብኩላቸው የለም። ምን ልሁን?»

አሮጊቷ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከር አደረጉና ቶሎ አወጡት። «ይሄ እኮ ሞቋል! እንግዳ ሊቀበሉ ነው ወይስ ሊቀቅሉ?»

ጓንጉል ሳይወድ ሳቀ።

«እኔ የማውቀው የምንጩን እንቁራሪት ነው» አሉ እማማ ትርንጎ። «እንቁራሪት ሲንቀሳቀስ ያላየችውን ነገር ምግብ አትለውም። ጥላና መደበቂያ ካላገኘችም አፏን አትከፍትም። ለመሆኑ እርስዎ እንግዳ ሆነው ያውቃሉ?»

«እኔ? እዚሁ ተወልጄ?»

«እኔ ግን ሆኜ አውቃለሁ። ተድሬ የመጣሁ ሰሞን ሦስት ቀን እህል በጉሮሮዬ አልወረደም። የባሌ እኅቶች፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቱ ከበውኝ ‹ብዪ፣ ብዪ› ይሉኛል። በፍቅር ነው። ግን ያ ሁሉ ዓይን አፌ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን አማቴ ሰዉን አስወጡና መሶቡን ከፍተው ‹እርሻው ድረስ ደርሼ ልምጣ› ብለውኝ ሄዱ። ያኔ በላሁ፤ አይ አበላል! ነገሩ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ቀኑ እሑድ ነበር። በእሑድ ማን እርሻ ይሄዳል?»

ጓንጉል ተነስቶ ሰፊ ገበቴ አስመጣ፤ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ሞላው። ከወንዙ ዳር አረንጓዴ ሽበት ያበቀሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አምጥቶ እንደ ዋሻ ደረደረ፤ የውሃ ሣርም ጨመረ። ገበቴውን ጨለም ካለው ጓዳ አኖረው። ከእርጥብ አፈር ቀጫጭን ትሎች ለቅሞ ለቀቀላቸው።

የቀረው ሥራ ከሁሉም የከፋ ነበር፦ አለማየት። ዕድሜውን በሙሉ የሰው አፍ ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እጁ የጓዳውን በር ይነካና ይመለሳል።

«አጋፋሪው ትል ደገሰ አሉ!» ብለው መኳንንቱ ሳቁበት። «ጉርሻውስ ስንት ክንድ ነው?»

«እናንተን አልጠራሁም» አለ ጓንጉል።

በመጀመሪያው ቀን ትሎቹ እንዳሉ ነበሩ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። በየማለዳው ውሃውን ለውጦ፣ ትኩስ ትል ጨምሮ፣ «እርሻው ድረስ ደርሼ ልምጣ» ብሏቸው ይወጣል። በአምስተኛው ጠዋት አንድም ትል አልነበረም። ትሎቹ አምልጠው ይሆናል ብሎ ገበቴው ሥር ተንበርክኮ ፈለገ፤ የለም። ሰንበት ብሎ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንደኛው ከድንጋዩ ሥር ወጣና ዓይኑ እያየ ትሏን ላፍ አደረጋት። ጓንጉል ትንፋሹን ዋጠ። ብሉ አላለም።

ወሩ ሲሞላ መልእክተኛው መጣ። ገበቴው ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ወፍራም ሆዶች አየና ፊቱ በራ። ንጉሡ ደስ ብሏቸው «እንግዳችንን አብላ!» አሉ።

መልእክተኛው ገበታው ፊት ሲቀመጥ ትከሻው ከወዲሁ ወደ ጆሮው ወጥቷል። ጓንጉል ያን አኳኋን የት እንዳየው አወቀ፤ ማሰሮው ውስጥ ነው፣ አንዱ ከሌላው ሥር ሲገባ። እጁን አስታጠበው፣ መሶቡን ከፈተለት፣ አሳላፊዎቹን በዓይኑ አስወጣ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ፈረስዎ ገብሱን መብላቱን አይቼ ልምጣ።»

ፈረሱ ገብሱን ከጨረሰ ቆይቷል። ጓንጉል የፈረሱን አንገት እያሻሸ ጥላው እስኪዞር ከጎኑ ቆመ። ሲመለስ መሶቡ ባዶ ነው፤ መልእክተኛው የመጨረሻዋን ቁራሽ ወጡ ላይ እያዞረ ነበር። ቀና አለና ፈገግ ብሎ ጠየቀ።

«ትንሽ ይጨመርልኝ ይሆን?»

መስጠት እናውቅበታለን። ሰጥቶ ዞር ማለት ግን ራሱን የቻለ ልግስና ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ፣ ሙሽራ ቢሆን፣ ተማሪ ቢሆን፣ ሐዘንተኛ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚርበው ምግብ ላይሆን ይችላል፤ የማይታይበት ጥግ ይሆናል። «እምቢ አለኝ» ብለን የተቀየምነው ስንቱን ነው? ምናልባት እኮ የሚጠብቀው ፈረሱን አይተን እንድንመጣ ነበር።