ከራሱ ጋር ያልተጣላው ኮርቻ ሰፊ

አንድ አንደበተ ስል ኮርቻ ሰፊ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ፊደል መቁጠር ጀመረና፣ «ዳዊት እስክደግም ድረስ ጠጅ በአፌ አይዞርም» ብሎ ወሰነ። ወሬው ፊታውራሪ አምባዬ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው በየዓመቱ ጠጅ ተውኩ ብለው ይምሉና ሳምንት ሳይሞላ ብርሌ ያነሱ ስለነበር ነገሩ አንገበገባቸው። ግብር ባበሉ ቀን ሰውየውን ከእንግዳው ሁሉ ፊት አስቁመው በገዛ እጃቸው ብርሌ ሰጡት።

«በል ጠጣ!»

«ጌታዬ፣ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለንስሐ አባትህ ነው?»

«የለም፣ ለራሴ ነው።»

ፊታውራሪው ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ብታፈርሰው የሚቀየምህ የለም። የእኔን ቃል ካፈረስክ ግን ዛሬውኑ ከአገሬ አባርርሃለሁ። ከማን መጣላት ይሻልሃል?»

ሰውየው ብርሌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ከእርስዎ ብጣላ አገር ለቅቄ እገላገላለሁ። ከራሴ ብጣላ ግን የትም ብሄድ ተከትሎኝ ይመጣል።»

እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ፊታውራሪውም ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው ቀደማቸውና፣ «ለዚህ ሰው ውሃ አምጡለት!» አሉ።