ክዳኑን ያልከፈተው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ስኳር ድንች እንደ ልብ በሚበቅልበት ቆላ፣ ወንዝ ዳር የሚኖር አንድ ጅብ ነበር። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ሰምታችሁ የለ? እንግዲህ ቀንዱን የነከሰው እሱ ነው። የሞተ በሬ አገኘና ከየት ልጀምር ብሎ ሳያስብ ዘሎ ሲገምጥ አፉ ያረፈው ቀንዱ ላይ ሆነ። ከፊት ጥርሶቹ አንድም አልተረፈም፤ የመንጋጋዎቹም ተነቃነቁ። ጓደኞቹ በሬውን ከነአጥንቱ ቆረጣጥመው በሉ፤ እየሳቁበት ጥለውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ቀን ምንም ሳይቀምስ ከረመ። አጥንት ሞከረ፣ ድዱ ደማ። ቁርበት ሞከረ፣ እንደ ነበረ ተፋው። በዘጠነኛው ቀን ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ «ዛሬ አንድ ነገር ካልቀመስኩ ነገን አላያትም» አለ ለራሱ። ጅብ ብዙ ነገር ይሳሳታል፤ ይህንን ግን አልተሳሳተም።

እንዲህ እያለ ሲንገዳገድ አንድ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫው ላይ መጣ። ሽታውን ተከትሎ ሲሄድ እመት አህያ ደጅ ደረሰ። እመት አህያ ባሏ የሞተባት፣ ስኳር ድንች እያለማች ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጦጣ ጎመኗን፣ ጅግራ ሽምብራዋን ይዘው ሊበሉ ሲሰበሰቡ፣ ከጎኑ ማባያውን የምታቀርበው እሷ ነበረች። ግቢዋ ዙሪያውን የእሾህ አጥር ነው፤ ምድጃዋ ግን ሣር ቤቱ እሳት እንዳይነካው ተብሎ ከአጥሩ በር ውጪ ነው የተሠራው። ጅብን ስታይ ድስቱን ከምድጃው ላይ እንዳለ ትታ ገባችና በሩን ዘጋች።

«እመት አህያ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ጅብ። ሊበላው የሚችለውን ነገር አንቱ ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ፣ አያ ጅቦ?» አለች በአጥሩ ቀዳዳ።

«ርቦኛል።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል።»

«የአሁኑ ሌላ ነው፣ እመት አህያ» አለና አፉን ከፍቶ አሳያት።

እመት አህያ በቀዳዳው አጮልቃ አየችው። ድዱ አብጦ ቀልቷል። ከዘመዶቿ ስንቱ በዚህ አፍ ገብቶ እንደቀረ ታውቃለች። ነገር ግን እናቷም በስተርጅናዋ ጥርስ አልነበራትም፤ እስክትሞት ድረስ እያላመጠች ያበላቻት እሷ ናት። ባዶ ድድ ስታይ አንጀቷ አልቻለም።

«እንግዲህ ስማኝ» አለችው። «ስኳር ድንቹን ከነልጣጩ አጥቤ፣ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ ደርድሬዋለሁ። ውሃው አንድ ጣሳ ነው። ከላይ የኮባ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ላይ ድንጋይ አድርጌበታለሁ። የሚበስለው በእንፋሎቱ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ቡናማ እስኪሆን እንዳትከፍተው። ከከፈትከው ልቡ ጥሬ ይቀራል።»

«ቅቤ የለው፣ ቅመም የለው?»

«ቁንጥር ጨው አለው። ጣዕሙንማ ከአፈር ይዞት ነው የመጣው። ሆድ አይነፋ፣ ጥርስ አይጠይቅ።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ይሄ ማባያው ነው። ሥጋውስ?»

«ሥጋውማ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜያለሁ» አለች እመት አህያ። «አንተ ግን ለዛሬ ማባያውን ብላ።»

ጅብ አፈረና ጆሮውን ጣል አደረገ። ከድስቱም አጠገብ ቁጭ አለ። ቁጭ ከማለቱ ግን «እንደው አንዴ ልይ» ብሎ ድንጋዩን አነሳ። አልበሰለም፤ ከደነው። እንደገና ከፈተው። ሦስተኛ ሲከፍተው ትዕግሥቱ አለቀና አንዱን መንትፎ ገመጠ። ላይ ላዩ ለስልሷል፣ ውስጡ ግን ድንጋይ ነው። የታመመ ድዱን ሲነካው ጅብ ሆዬ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ልትለው ትችል ነበር፤ አላለችውም። በረጅም እንጨት ድስቱን ወደ አጥሩ ስባ፣ ከአጥሩ ሥር ባለው ክፍተት አስገብታ፣ ከማሰሮው ውሃ ቀድታ በትኩሱ ድስት አሙቃ ጥሬ ልቡን በሙቀጫ ወቀጠችለት። የወቀጠችውን በቅጠል አድርጋ፣ በዚያው እንጨት ከሩቁ ገፋችለት። ጅብ ላሰው። ከሆዱ ጥግ አልደረሰም፤ ነፍሱን ግን አቆያት።

«ነገም ና» አለችው።

ጅብ ያን ሌሊት አልተኛም። የተናቀበትና የተባረረበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ «ነገም ና» ያለው ግን ማንም አልነበረም። ቃሉ ደስ ብሎት ደጋግሞ ለራሱ አለው።

በማግስቱ እመት አህያ ድስቱን እንደ ትናንቱ ጥዳ ጠበቀችው። «ለድስቱ ካደረግኩት ጣሳ ሌላ ውሃ የለኝም፤ ወንዝ ወርጄ ልመለስ» አለችው በአጥሩ ቀዳዳ። «ድስቱን አደራ። በጓሮ እወጣለሁ፣ ስመለስ በዚህ በፊት በኩል ነው የምመጣው።» ጅብ ቅጠሉን አየ፤ ገና አረንጓዴ ነው። ማየቱ ሲያስጎመጀው ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

ትንሽ ቆይቶ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣ።

«ጅቦ፣ ምን ሆነሃል? ጅብ ድስት ጠባቂ ሆነ ሲሉ ሰምቼ አላመንኩም ነበር።»

«አደራ ነው።»

«የምን አደራ? እሷ የለችም። ድስቱን ግልብጥ አድርገን እንብላ። ኋላ ደግሞ ማሰሮ ተሸክማ ስትመጣ መሮጥ አትችልም። ጥርስ ባይኖርህም ጥፍር አለህ፤ ሥጋዋን እኔ እያኘክሁ አጎርስሃለሁ።»

ጅብ ማሰብ ሥራው ስላልሆነ ጊዜ ወሰደበት። ሆዱ «እሺ በል» ይለዋል። የትናንቷ ውቅጥ ትዝ አለችው፤ የሙቀጫውም ድምፅ፣ «ነገም ና» ያለችውም።

«ቅጠሉ አልበሰለም» አለ በመጨረሻ።

«ደደብ» አለ ቀበሮ፤ ሮጦም ድንጋዩን ገፈተረው። የቅጠሉን ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ እንፋሎቱ ቱፍ ብሎ አፍንጫውን ለበለበው። እየጮኸ ወደ ወንዙ ነጎደ። ድንጋዩ ቁልቁል ተንከባሎ ርቋል፤ ሄዶ ላምጣው ቢል ቅጠሉ ሊገለጥ ነው። ጅብ የሚያደርገው ሲያጣ የራሱን መዳፍ ቅጠሉ ላይ ጫነ። ያቃጥላል። አንዱ ሲለበልበው ሌላውን ይተካል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለሃጩ መሬት እየነካ፣ «ነገም ና፣ ነገም ና» ይላል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ኮቴ ሰማ። ኮቴው ከኋላው ራቅ ብሎ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ማሰሮ መሬት ሲቀመጥ ሰማ።

«አያ ጅቦ» አለች እመት አህያ። «ቀበሮን መንገድ ላይ አገኘሁት። ‹ድስቱን ጨርሶ አንቺን እየጠበቀ ነው፣ ዳግም እንዳትመለሺ› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አፍንጫው ተለብልቦ ነበር። ድስቱን የከፈተ ማን እንደሆነ ከዚያ ገባኝ። ቢሆንም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። አሁን እጅህን አንሳ፤ ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል።»

ድስቱ ሲከፈት ልጣጩ በየቦታው ተሰንጥቆ ማር የመሰለ ነገር አውጥቷል። እመት አህያ አንዱን ልጣ፣ እፍ እፍ ብላ አበረደችው። ረጅሙ እንጨት አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ዞራም አላየችው። ስኳር ድንቹን በፊት እግሯ ሰኮና ላይ አድርጋ፣ እግሯን ወደ ጅብ አፍ አስጠጋች።

ጅብ ደነገጠ። የአህያ እግር አፉ ውስጥ በፈቃዱ ሲገባ አይቶ አያውቅም። አፉን ቀስ አድርጎ ከፈተ፤ ሰኮናዋን ሳይነካ፣ በከንፈሩ ብቻ ተቀበለ። ስኳር ድንቹ ምላሱ ላይ ቀለጠ። ድዱን አላመመውም። እንባው መጣ፤ ከእንባው ጋር ዋጠው።

ከዚያ እንደ ልማዱ አንድ ነገር አሰበ።

«እመት አህያ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል።»

እመት አህያ ሳቀችና ሁለተኛውን ላጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ስኳር ድንችም ሆነ መተማመን ክዳኑን ካልነካኩት በራሱ ጊዜ እንደሚበስል፣ የታገሠም ጥርስ ባይኖረው እንኳ አጉራሽ እንደማያጣ ነው።