የጡሩምባ ነፊው መርዶ

በቅጡ ስሙኝ። ይህን ነገር ግማሹን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው በሐሰት ከሚመሰክር አይለይም፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ አንዱን ከሌላው ሳታቀላቅሉ ያዙልኝ።

በአንድ ወቅት አቶ ዘርጋው የሚባሉ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሰፈሩን እየዞሩ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይለፍፋሉ። አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። አስቀድመው ሐዘን የገባበት ቤት አጥር ሥር ይቆማሉ፤ መርዶው ለቤተ ዘመድ ተነግሮ የለቅሶ ድምፅ ከውስጥ እስኪወጣ ድረስ ጡሩምባው ከአፋቸው አይደርስም። «ልጅ የአባቱን ሞት ከጎዳና አይሰማም» ይሉ ነበር።

ጉልበታቸው ሲደክም እድሩ መልእክት የሚያሰማ ማሽን ከነድምፅ ማጉያው ገዛ። የእርሳቸው ድምፅ ተቀድቶ፣ ስሙ ለብቻ፣ ቦታው ለብቻ፣ ሰዓቱ ለብቻ ተቆርጦ፣ ቁልፍ ሲነካ ተገጣጥሞ እንዲነገር ታሰበ። ሥራው በሦስት ሰዎች እጅ ወደቀ።

የመጀመሪያው መምህር ላቀው ነበሩ፤ የማሽኑን ቃላት ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ተመረጡ። «መልሶ ማሰሚያ»፣ «የድምፅ መጠን»፣ «ቅድሚያ» እያሉ ለየቁልፉ ስም አወጡ። «ወረፋ» ሲሉ አቶ ዘርጋው አቋረጧቸው።

«ሞት ወረፋ ይዞ ያውቃል እንዴ፣ መምህር?»

«ሞት አይይዝም፤ መልእክቱ ይይዛል።»

«እንግዲያውስ መርዶው እስኪነገር ድረስ መልእክቱን አስሮ የሚያቆይ ቁልፍ ይጻፍልኝ።»

መምህሩ የማሽኑን መመሪያ ገልጠው ፈለጉ። እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። «መመሪያው ላይ የሌለውን ከኪሴ አውጥቼ አልጨምርም። እኔ ተርጓሚ ነኝ» አሉ፤ አልጨመሩምም።

ሁለተኛው ይትባረክ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበር። መቅጃውን ይዞ ወደ አቶ ዘርጋው ቤት መጣና የእድርተኛውን ስም አንድ በአንድ አስጠራቸው። የገዛ ሚስታቸው ስም ላይ ሲደርሱ ዘለሉት።

«ጋሼ፣ አንድ ስም ቀረ እኮ።»

«በሕይወት ያለች ሚስቴን ለሞት አልጠራትም።»

«የሰው ሚስት ግን ሲጠሩ ዋሉ!» ብሎ ሳቀ።

አቶ ዘርጋው ከጥሪው ብዛት ጉሮሯቸው ደርቆ ነበርና ወደ ጓዳ ዞር ብለው «የሺመቤት! እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አሉ። መቅጃው አልተዘጋም ነበር። ይትባረክ ጎደሎ ሥራ አይወድም፤ ስሙን ከውሃው ለይቶ ቆረጠና በቦታው አስገባው። ለማንም አልተናገረም።

ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ አቶ መኩሪያ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ቁልፉን መንካት የእርሳቸው ፈንታ ሆነ። ወይዘሮ የሺመቤት ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ አንድ ማለዳ አቶ ዘርጋው ጋቢ ሊያመጡላቸው ወደ ቤት ሄዱ። እርሳቸው እንደ ወጡ ሕመምተኛዋ አረፉ። የምታስታምማቸው ጎረቤት፣ መርዶ ለባል በስልክ አይነገርም ብላ ለዳኛው ደወለች፤ ማረፋቸውን ነገረች እንጂ የባልየውን መውጣት አላነሣችም። ዳኛው ግን ባል ከአልጋው አጠገብ ያለ መሰላቸው፤ አልጠየቁም። ሰው ወደ ሥራና ወደ ገበያ ሳይበተን ቀብሯ ይድመቅ ብለው፣ የሟቿን ክብር አስበው፣ «ቅድሚያ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

አቶ ዘርጋው ጋቢውን ታቅፈው በእድሩ አዳራሽ ደጃፍ ሲያልፉ የገዛ ድምፃቸው ከላይ ጮኸ። «የእድራችን አባል፣ ወይዘሮ» አለ፤ ቀጥሎ «የሺመቤት!» አለ፤ ውሃ የተጠየቀበት ያ ጥሪ፣ «አቤት» መባልን የሚጠብቀው። ቀጥሎም «ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» አለ። ቆመው ሰሙ። ማሽኑ ደገመላቸው።

ሐዘኑ ሲያልፍ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል። ድንጋዩ መጣ፤ ተሸካሚው ታጣ።

መምህሩ «እኔ ቃል ተረጎምሁ እንጂ ቁልፍ አልነካሁም» አሉ።

ይትባረክ «እኔ ስም አስገባሁ እንጂ ይነገር አላልሁም። ባላስገባው ኖሮ እትዬ እንደ ባዳ ያለ ስም ይለፈፉ ነበር» አለ።

ዳኛው «እኔ አክብሬ አስነገርሁ። ማቆያ ቢሠራልኝ አቆየው ነበር፤ ስሙም ባይኖር ቁልፉን አልነካም ነበር» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዘርጋው፣ ድምፁስ ያንተው አይደለም? አንተው ተሸከመዋ!» ብለው ሊያሥቁ ሞከሩ። የሣቀ የለም።

ነገሩ ሲጠብቅባቸው ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ የበደለ ሰው የለም፤ የበደለው ማሽኑ ነው። ድንጋዩን ማሽኑ ላይ አስቀምጠን እንታረቅ» አሉ።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ድንጋዩ ለማን ጫንቃ ይገባል? ቃሉን ለነፈገው፣ ስሙን ለሰረቀው፣ ሳይጠይቅ ለቸኮለው፣ ወይስ የሰውን ሁሉ ስም ለሞት ጠርቶ የሚስቱን ለደበቀው?

አቶ ዘርጋው ከሦስቱ አንዱንም አልረገሙም። ድንጋዩ ማሽኑ ላይ እንዲቀመጥ ግን እምቢ አሉ።