በረመዷን ቀን የተቀመሰ ቅቤ

ስሟን ዘመን በበላው በአንዲት የጥንት ከተማ ሸይኽ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የከተማዋ ዳኛ የሆነው ቃዲ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ፣ አድርጎ ሾሟቸው ነበር። የቅቤ ቅል ሁሉ በፊታቸው ይከፈታል፤ በምላሳቸው ጫፍ ቀምሰው ንጹሕ ሲሆን ያትሙታል። የእሳቸው ማኅተም ያለበትን ቅቤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛ ነበር።

ረመዷን ሲገባ ግን ሸይኹ መቅመስ ይተዋሉ። ለሥራ ብሎ የቀመሰ ሰው እስካልዋጠ ድረስ ጾሙ እንደማይበላሽ ለደረሶቻቸው የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው። ለነፍሳቸው ሲሆን ግን ፈሩ። አይተውና አሽትተው ብቻ ያትማሉ። አቤት የአጭበርባሪ ትጋት! ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

በዘጠነኛው ቀን ሩምያ የምትባል መበለት ገበያው መሐል መጥታ ቅሏን ከሸይኹ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ያ ሸይኽ፣ አባት ለሌላቸው የቲሞቼ ማፍጠሪያ ብዬ ከቅቤ ነጋዴው ከቡሴር ገዛሁ። ገንፎው ላይ እንደ ሻማ ረጋብኝ፤ ልጆቼም ሲያስመልሳቸው አደረ። ማኅተሙ የእርስዎ ነው።»

አዩት፤ የራሳቸው ነው። እፍረት ፊታቸውን አቃጠለው። ቡሴር ደግሞ እዚያው አሥር ቅል ደርድሮ ማኅተም ይጠብቃል። ሸይኹ ብድግ ብለው ሄዱና ጣታቸውን ከቡሴር ቅሎች በአንዱ ውስጥ ነከሩ። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉት!

«ሰዎች፣ እዩልኝ! ሸይኹ ጾም ፈቱ!» ብሎ ቡሴር ጮኸ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ አንዱ። ሌላው ፊቱን አዞረ። የአርባ ዓመት ስም በአንድ ጣት ሊናድ ነው! ሸይኹ ግን አልቸኮሉም። ቅቤውን አጣጥመው ተፉት፤ አፋቸውንም በውሃ ተጉመጠመጡ።

«ሞራ ነው» አሉ። «ቀለሙ እርድ፣ ሽታው ኮረሪማ። ቅቤ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፤ ይሄ ላንቃዬ ላይ ረጋ።»

የቀሩትንም እንዲሁ እየቀመሱ ተፉ፤ ከአሥሩ ቅል ሰባቱ ሞራ ሆኖ ተገኘ። ቃዲው በዚያው ቀን ፈረደ፤ ሞራው በአደባባይ ተደፋ፤ ቡሴርም የተታለሉትን እንዲክስና ዳግመኛ ቅቤ እንዳይሸጥ ተወሰነበት። ገበያው «አላሁ አክበር» በሚል ተክቢር ተናወጠ! ሩምያ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ሸይኹ ግን ማኅተማቸውን ከቃዲው ፊት አኖሩ። «ፍርዱ አላለቀም። ያልቀመስኩትን ያተምኩ እኔ ነኝ። ሩምያ፣ ይቅር በይኝ፤ አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ ያ ሸይኽ» አለች ሩምያ። ቃዲውም ማኅተሙን አንስቶ መለሰላቸው።

«ለጾምዎ አልፈሩም?» ብሎ ጠየቃቸው አንድ ሸማኔ።

«ልጄ፣ ጾም አፍን ከምግብ ይከለክላል እንጂ ከምስክርነት አይከለክልም» አሉት።

ወገኖቼ፣ ሸይኹ የፈሩት ለዲናቸው ነበር፤ በፍርሃታቸው ተከልሎ የነገደው ግን ቡሴር ነው። እኛስ «ጥሩ ሰው ነው»፣ «ንጹሕ ዕቃ ነው» እያልን ሳንቀምስ ያተምነው ስንት አለ? ያንን ቅል የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባትም ለየቲሞቹ ማፍጠሪያ ብሎ።